መስቀል ያስጠበቀችው

ሀብትነሽ በታናሽ እህቷ ክርስትና ዕለት ልብሷን አውልቃ ከቄሱ ፊት የቆመች ልጅ ናት። «እኔንም ድገሙኝ!» አለች አሉ። ሕዝቡ ሳቀ፣ እናቷ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ፣ ቄሱ ግን ከውሃው በእፍኛቸው ቀነስ አድርገው ራሷ ላይ ረጩላትና «በይ፣ አንቺም ደረሰሽ» አሏት። ቡሬ ዙሪያ ያሉ ዘመዶቿ ይህችን ነገር ሠርግ ላይም ልቅሶ ላይም ያነሡባታል። እሷም አትክድም።

«ምን ላድርግ?» ትላለች። «ሌላ ሰው ሲወደድ ሳይ ሆዴ ውስጥ እንደ በርበሬ የሚለበልብ ነገር አለ። ምቀኛ ግን አይደለሁም። የሰው ይጥፋ አልልም፤ ለኔም ይድረሰኝ ነው የምለው።»

ባሏ እንዳለው ይባላል፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ባጃጅ ይነዳል። ከሹፌሩ ጎን ባለችው ጠባብ ቦታ ሴት እንዳይጭን አስምላዋለች። ዝናብ የመታት ሴት ብትሆንስ ብለው ሲጠይቁት፣ «ከኋላ ሰው ካለ ትመታ» ይላል ምስኪን።

ያም ሆኖ ሰው ይወዳታል። ሽንዲ ጤና ጣቢያ ጀምራ፣ ኋላም ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የወንዶች ውስጥ ደዌ ክፍል ስትሠራ የኖረች ነርስ ናት። ጠጉሯ ከጆሮዋ በላይ ሸበት ብሏል። ክኒን የምትሰጠው እንደ ጉርሻ ነው፤ ሽማግሌውን ቀና አድርጋ፣ «በሞቴ» ብላ፣ በእጇ ታጎርሳለች። የፈረስ ቤቱም የወምበርማውም ገበሬ ከሆስፒታል ሲወጣ የሚመርቀው ሀኪሙን ሳይሆን እሷን ነው። ምርቃቱንም በጸጥታ አትቀበልም፤ ቆማ «አሜን! አሜን!» ትላለች፣ ሌላው ነርስ እስኪሰማ።

እንግዲህ ሰላሟን የነሣቻት ፀደይ ናት።

ፀደይ የቡሬ ልጅ ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ገና መሥራቷ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ታላላቆቿን «እርስዎ» ሳትል የማትናገር። ሀብትነሽንም «እትዬ» ትላታለች፤ ሀብትነሽ ግን በስሟ ጠርታት አታውቅም። ከኋላዋ ስታነሣት «ያቺ ልጅ» ናት፣ ከፊቷ ደግሞ «ስሚ» ብቻ።

የጠቡ ሁሉ መነሻ የመድኃኒቱ ጋሪ ነው፤ ነርሶቹ ትሮሊ ይሉታል። ባለ መሳቢያ፣ ባለ መንኮራኩር፣ የየታማሚው መድኃኒት ለብቻው የተቀመጠበት። ተረኛዋ ነርስ ከአልጋ አልጋ እየገፋች ታድላለች። ፀደይ ይህን ጋሪ የምትይዘው እንደ ታቦት ነው። መሳቢያውን ትከፍታለች፣ የዚያን ሰው መድኃኒት ታወጣለች፣ መልሳ ትቆልፋለች፣ ቁልፉን ኪሷ ትከታለች፣ ከዚያ ነው ወደ ታማሚው የምትዞረው። የሚቀጥለው አልጋ ጋ እንደገና እንዲሁ። መድኃኒቱን ካዋጠች በኋላም አትሄድም።

«አባባ፣ አፍዎን ይክፈቱልኝ። ምላስዎን ያንሡልኝ።»

ምክንያት አላት። ጠበል የያዘ ሰው መድኃኒት ከጠበል ጋር አይሄድም እያለ ክኒኑን ምላሱ ሥር ይደብቃል፣ ከዚያ ትራሱ ሥር ይከተዋል። አልጋ ሲነጠፍ እንደ ባቄላ ይረግፋል። ሀብትነሽም ይህን ታውቃለች። ቢሆንም አለፈቻት?

«እንደ በቅሎ ገዢ ጥርስ ታያለች እንዴ?» አለች አንድ ቀን ጮክ ብላ። «ዕድሜያቸውን ጠይቂያቸው፣ ይነግሩሻል!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፀደይም ሳቀች። ሀብትነሽን ያናደዳት ይኸው መሳቋ ነው።

እየቆየ ታማሚው ፀደይን ለመዳት። በተለይ አቶ ጠሃ የሚባሉት የቡሬ እህል ነጋዴ። ስኳራቸው ከፍ ብሎ በቃሬዛ የመጡ ሰው ናቸው፤ አሁን በኮሪደሩ እየተንጎራደዱ የሁሉንም አስታማሚ ወሬ ይሰማሉ። «ይቺ ልጅ ሚዛን ናት» አሉ ስለ ፀደይ። «ዕድሜዬን ከሚዛን ጋር የኖርኩ ነኝ፤ እንዲህ የማታዛባ አላየሁም።»

«እኔስ አቶ ጠሃ?» አለች ሀብትነሽ፣ ልክ እንደዚያች የክርስትናዋ ልጅ።

«አንቺማ እናት ነሽ።»

እናት መባል ድሮ ያጠግባት ነበር። ያን ቀን ግን አላጠገባትም። እናት ከሚዛን ይበልጣል ወይስ ያንሳል ብላ እንዳለውን ስትጨቀጭቀው አመሸች።

ነገሩ እንዲህ የከረረበት ሌላም ምክንያት ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ወይኒቱ ከፍልሰታ በኋላ ወደ ባሕር ዳር ልትዛወር ነው። እሷ ስትሄድ የመድኃኒቱ ኃላፊነት፣ የቁም ሣጥኑም የጋሪውም ቁልፍ፣ ለአንዷ ይሰጣል። ሀብትነሽ ይህን ቁልፍ ለዓመታት ስትጠብቀው ኖራለች። ቁልፉን አንገቷ ላይ የምታንጠለጥልበት ጥቁር ክር ሳይቀር ገዝታ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀምጣለች።

«ለማን ልትሰጪ ነው?» አለቻት ወይኒቱን፣ ነገሩን ቀለል ያደረገች መስላ።

«እያየሁ ነው» አለች ወይኒቱ።

እያየሁ ነው! ከዚህች ቃል በኋላ ሀብትነሽም ማየት ጀመረች፤ የምታየው ግን ፀደይን ነው። አንዲት ጊዜ ብትሳሳት። አንዲት ክኒን ብትጥል።

በፍልሰታ ቄስ ገብረሰንበት ከቅዳሴ በፊት ጠዋት ጠዋት በክፍሉ ያልፋሉ። እሳቸው ሲገቡ የሚችለው ታማሚ ይነሣል፣ የማይችለው አንገቱን ቀና ያደርጋል፣ አስታማሚው ነጠላውን አስተካክሎ መስቀል ለመሳለም ይሰለፋል። ነርሱም የያዘውን ትቶ ይሄዳል። የያዝኩትን ልጨርስ ማለት በኛ አገር ማን አስቦት ያውቃል?

አንድ ጠዋት ጋሪው የፀደይ ነበር። መሳቢያው ክፍት ሳለ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው አጠገቧ ደረሱ።

«አባ፣ አንድ ጊዜ ይቆዩኝ» አለች።

መሳቢያውን ዘጋች፣ ቆለፈች፣ ቁልፉን ኪሷ ከተተች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ተሳለመች። ቄሱ ምንም አላሉም፤ ባርከዋት አለፉ። ክፍሉ ግን አጉረመረመ። በሩ ላይ ቆማ ታይ የነበረችው ሀብትነሽ ልቧ እስክስታ ወረደ።

«አያችሁልኝ?» አለች አስታማሚዎቹን። «መስቀል አስጠበቀች!»

«ዘመኑ ነው እቴ» አሉ አንዲት አሮጊት፣ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው።

ወሬው ከሰዓት በኋላ ከሆስፒታሉ በር ሻይ ቤት ደርሶ ነበር። ፀደይን «መስቀል አስጠባቂዋ» አሏት። በማግስቱ ዓይኗ ቀልቶ ሀብትነሽ ጋ መጣች።

«እትዬ፣ እኔ እኮ መድኃኒቱ ክፍት እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ለአምላክሽ ንገሪው።»

ይህን ስታወራኝ ሀብትነሽ ከንፈሯን ነክሳ፣ «ምላስሽን ሰብስቢ ይሉኝ ነበር እናቴ» አለችኝ።

ቀጥሎ ተራው የሀብትነሽ ሆነ። እንዲያውም እንዲሆን ከሌላ ነርስ ጋር ፈረቃ ተለዋውጣ ነበር፤ መስቀል እንዴት እንደሚሳለሙ ልታሳይ። ጋሪውን በአቶ ጠሃና በአቶ አስናቀው አልጋ መካከል አቁማለች።

አቶ አስናቀው ከፈረስ ቤት የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ሳንባቸውን ታመው ገና አልተነሡም። ጾም አልፈታም ብለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ሀብትነሽ «በሽተኛ አይጾምም» ብትላቸውም አልሰሟትም። ሚስታቸው ቻይነሽ ከአልጋቸው ሥር ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣ አቶ ጠሃን ታያለች። በቃሬዛ የመጣው ሰው ይንጎራደዳል፤ በእግሩ የመጣው የእሷ ባል ተኝቷል። ከሳምንት በላይ ስትናገር የሰነበተችው አንድ ነገር ነው፤ «ለከተሜው ጥሩ ጥሩውን ይሰጡታል፣ ለኛ ውራጁን።» ሀብትነሽም ሰምታታለች። ስቃ አልፋለች።

ቄስ ገብረሰንበት በር ላይ ብቅ አሉ።

ሀብትነሽ የአቶ ጠሃን መሳቢያ ከፍታለች። ቁልፉ ተንጠልጥሏል። ሁሉንም እንዳለ ትታ ሮጠች፤ ከሁሉ ፊት ቀደመች። መሬት እስክትነካ ሰገደች። መስቀሉን በግንባሯ፣ በከንፈሯ፣ እንደገና በግንባሯ ተሳለመች።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለ አንድ አስታማሚ።

ይህችን ስትሰማ ደግማ ጎንበስ አለች።

ሰው ሁሉ ወደ መስቀሉ ሲተም፣ አቶ ጠሃም እንደ ልማዳቸው ኮሪደር ላይ ሳሉ፣ ቻይነሽ ከጋሪው አጠገብ ቀርታ ነበር። የአቶ ጠሃን መድኃኒት በዓይኗ ለምዳዋለች፤ ነጭ፣ ትንሽ፣ ክብ ክኒን። ማሸጊያውን ቀድዳ ሦስት ከመሳቢያው ወሰደች። ካህኑ ለባሏ ጠበል ሰጥተው ሲያልፉ ክኒኑን በጠበሉ አዋጠችው። አቶ አስናቀውም ከሚስታቸው እጅ የመጣ ነውና አልጠየቁም።

ሀብትነሽ ተመለሰች። የአቶ ጠሃን ክኒን ስታነሣ ማሸጊያው ጫፉ ላይ ተቀዶ ሦስቱ ጎድለው አየች። መሬት ላይ ፈለገች። የለም።

«ምነው ሲስተር?» አሉ አቶ ጠሃ።

«ምንም።»

ምንም አለች። ወድቆ ይሆናል፣ ተጠርጎ ይሆናል፣ ማን ያውቃል አለች በልቧ። ጠይቃ ብታውጀው ጋሪውን ክፍት ትታ መሄዷ ሊወጣ ነው፤ ቁልፉም ለያቺ ልጅ ሊሄድ ነው። ጋሪውን ቆለፈችና ወደሚቀጥለው አልጋ ገፋችው። ዞር ዞር እያለች ግን ሁሉንም አልጋ ታያለች።

ሰዓት ያህል ቆይቶ አቶ አስናቀው ላባቸው ይንቆረቆር ጀመር። እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ዓይናቸውን አፍጥጠው ጮኹ፤ «ና ቦራ! ና! ፈሩን ሳትክ አንተ!» በሬያቸውን ነው የሚጠሩት።

«ጠበሉ ነው!» አለች ቻይነሽ። «ጠበሉ ያዘው! እየለቀቀው ነው!»

ክፍሉ ተነቃነቀ። አንዷ እልል አለች። ሌላው «ልቀቅ፣ ውጣ!» ይላል ሰይጣኑን። እኚያ ከንፈር የመጠጡት አሮጊት ሀብትነሽን በእጃቸው እያሳዩ፣ «መስቀል ሲከበር እንዲህ ነው! ይቺ ልጅ አክብራ ነው!» አሉ።

እስቲ አስቡት። ስትመኘው የኖረችው ውዳሴ ነው። ዝም ብትል፣ እልልታው የእሷ ነው፣ ምርቃቱ የእሷ ነው፣ ቁልፉም የእሷ ነው። የአቶ አስናቀውን ላብ አየች። የቻይነሽን ዓይን አየች፤ ከጋሪው ወደ አቶ ጠሃ፣ ከአቶ ጠሃ ወደ ጋሪው የሚሄደውን ዓይን። ባዶ ሆድ የወረደ የስኳር በሽታ ክኒን ምን እንደሚያደርግ ነርስ አይነገራትም።

«ፀደይ!»

በስሟ ስትጠራት ይህ የመጀመሪያው ነው። ፀደይ ከኮሪደሩ እየሮጠች ገባች።

«ስኳራቸውን ለኪ! የአቶ ጠሃን ክኒን ነው የዋጡት! ጋሪውን ክፍት ትቼ መስቀል ልሳለም ሄጄ ነው፣ እኔ ነኝ!»

እልልታው ቀጥ አለ። ፀደይ ወደ አቶ አስናቀው ጎንበስ አለች። ጣታቸውን ወጋ አድርጋ ለካች፣ ቀና ብላ ሀብትነሽን አየቻት፣ ሀብትነሽም ግሉኮሱን አቀበለቻት። አንዷ ክንዳቸውን ያዘች፣ አንዷ በደም ሥር ሰጠች። ሀኪሙ ሲደርስ አቶ አስናቀው ጸጥ ብለው ነበር።

ዓይናቸውን ገልጠው ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩ።

«ምነው ቀሰቀሳችሁኝ? ትልሙ ሊያልቅ ነበር እኮ።»

ማንም አልሳቀም፤ አቶ ጠሃ ብቻ ሳቁ። ያ ክኒን ቆይቶ ተመልሶ ስኳርን ስለሚያወርድ ፀደይና ሀብትነሽ እስኪመሽ ድረስ ተራ በተራ ሲለኩ፣ ጣፋጭ ሻይ ሲያጠጡ ዋሉ። ጾሙን ቄስ ገብረሰንበት ራሳቸው ተመልሰው ፈቱላቸው።

ቻይነሽ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፋ ታለቅሳለች። አቶ ጠሃ አጠገቧ ቆመዋል።

«እኅቴ፣ ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር» ይሏታል። «ከነበሽታው ነበር የምሰጥሽ።»

«ቀናሁ!» አለች ቻይነሽ። «የእርስዎ መዳን አስቀናኝ። ባሌን በእጄ ልገድለው ነበር!»

ሀብትነሽ መጥታ አብራት መሬት ላይ ተቀመጠች። ልትቆጣት ነበር የመጣች። የእህቷ ክርስትና ትዝ ሲላት ግን የቻይነሽን እጅ ያዘች።

«አንቺ እንኳ ለባልሽ ነው» አለቻት። «እኔ ለክርና ለቁልፍ ነው።»

ቻይነሽ አልገባትም። እጇን ግን አልለቀቀችም።

ወይኒቱ ልትሄድ ባለችበት ሰሞን ቁልፉን ሰው ሁሉ ባለበት ለፀደይ ሰጠች። ለሀብትነሽ ደግሞ፣ «ያን ቀን ባትናገሪ ሰውየው ሞተው ነበር» አለቻት። ጥሩ ቃል ነው፤ ነገር ግን ቃል አንገት ላይ አይንጠለጠልም። ሀብትነሽ አጨበጨበች፣ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች። ፀደይ ቁልፉን ደረቷ ላይ በመርፌ ቁልፍ እንደያዘችው ስታይ፣ ጥቁሯን ክር ከቦርሳዋ አውጥታ ልትሰጣት አሰበች።

«ሰጠሻት?» አልኳት።

«ኧረ ወዲያ!» አለችኝ። «ቁልፉንም ክሩንም?»

ወይኒቱ ከሄደች በኋላ፣ ከፍልሰታ መፈታት ወዲህ ነው፣ ቄስ ገብረሰንበት አንድ ጠዋት በክፍሉ ሲያልፉ ጋሪው የሀብትነሽ ነበር። ቁልፉን ከፀደይ ተቀብላ መሳቢያውን ከፍታለች። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው አጠገቧ ደረሱ። አስታማሚው ሁሉ ያያታል፤ ፀደይም ከወዲያ ጫፍ አንድ ሽማግሌ አልጋ ላይ እያስተካከለች ነበር።

«አባ፣ ይቆዩኝ» አለች።

መሳቢያውን ዘጋች። ቆለፈች። ተቆልፎ እንደሆነ ሳብ አድርጋ አየች።

«ሌላዋም አስጠባቂ!» አለ አንድ አፈኛ ከጥግ።

ቄሱ ወደ ሰውየው ዞሩ። «እኔስ የዕቃ ቤቱን በር ሳልቆልፍ ከቤተ ክርስቲያን እወጣለሁ እንዴ? ቆልፊ ልጄ፣ መስቀሉ ይጠብቅሻል» አሏት።

ሀብትነሽ ጎንበስ ብላ ተሳለመች። ቀና ስትል ግን መልሳ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

«አባ፣ ለፀደይም ያን ጊዜ እንዲህ ብለዋት ነበር?»

«ለእሷ? የለም፣ ምንም አላልኳትም።»

ሀብትነሽ ፊቷ በራ። ቁልፉን ኪሷ ከታ፣ ከወዲያ ጫፍ ያለችው ፀደይ መስማት አለመስማቷን ለማየት ዞር አለች።